«ማሻሻያ» ሲባል፦ ዋጋው ወጣ ወይስ ወረደ?

የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነትርጉማቸውና ከነአጠቃቀማቸው የምንመለከትበት ዝግጅታችን ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ በአጠገባችሁ ካለ አቅርቡ። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ግን ጆሯችሁን ብቻ ስጡን፤ ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይሁን።

ከአንድ የዜና ዐረፍተ ነገር እንነሣ። «ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ በነዳጅ ምርቶች ላይ የዋጋ ማሻሻያ ተደርጓል።» ይህን የሰማ የታክሲ ሾፌር «ወረደ እንዴ?» ብሎ አይጠይቅም። «ስንት ጨመረ?» ነው የሚለው። በእኛ ዘንድ የዋጋ ማሻሻያ፣ የታሪፍ ማሻሻያ፣ የኪራይ ማሻሻያ ከተባለ አቅጣጫው ወደ ላይ መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ቤት ለመግዛት የምትዞሩ ሰዎች በሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ላይ «ፕራይስ ኢምፕሩቭመንት» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ቃል በቃል ካየነው ያው የዋጋ ማሻሻያ ነው። እዚያ ግን ትርጉሙ ዋጋው ተቀንሷል ማለት ነው። ቤቱ መጀመሪያ በተጠራለት ዋጋ ገዢ አጣ፣ ሻጩም ዝቅ አደረገ። ደላላው «ዋጋ ቀነስን» ብሎ ቢጽፍ ቤቱ የተናቀ፣ ሻጩም የተቸገረ ስለሚመስልበት ለስለስ ያለውን ቃል መረጠ። እንግዲህ አንዱ ቃል አዲስ አበባ ላይ ሽቅብ፣ ሜሪላንድ ላይ ቁልቁል ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል እንቆቅልሽ አይደለም። «ተሻሻለ» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ቆሞ ነው የሚናገረው። ለሻጭ የተሻለ ዋጋ ከፍ ያለው ነው፣ ለገዢ ደግሞ ዝቅ ያለው። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው «ኢምፕሩቭ» የተባለው ቃል በቀረበላችሁ ቁጥር «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የምለው በጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ከቃሉ ልደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አነጋገሩን እናስተካክል።

ፊደሎቹ አይ፣ ኤም፣ ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ቪ፣ ኢ ናቸው። የተጻፈው ኦ ቢሆንም የሚሰማው ረዘም ያለ ኡ ነው፤ «ሙቭ» በሚለው ውስጥ እንዳለው። ሁለት ክፍል አለው፤ ኢም፣ ፕሩቭ። ጫናው ሁለተኛው ላይ ይውደቅ። መጨረሻው ላይ ብዙዎቻችን «ኢምፕሩብ» ብለን በ«ብ» እንዘጋዋለን። የላይኛው ጥርሳችሁ የታችኛውን ከንፈር ነካ አድርጎ ትንፋሹ ይውጣ፤ ያኔ «ቭ» ይሆናል። ላለፈ ጊዜ ስንናገረው ደግሞ «ኢምፕሩቭድ» እንላለን፤ አሁንም ሁለት ክፍል ብቻ ነው። «ኢምፕሩቬድ» ብሎ ሦስተኛ መጨመር የለም።

አንዳንድ ጎበዝ ተማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ኢምፖሲብል» ማለት የማይቻል ከሆነ፣ «ኢም» አፍራሽ ከሆነች፣ «ፕሩቭ» ደግሞ ማረጋገጥ ከሆነ፣ «ኢምፕሩቭ» አለማረጋገጥ መሆን አልነበረበትም ወይ? አልነበረበትም። ሁለቱ በመልክ ብቻ የተመሳሰሉ ባዕዳን ናቸው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የጌቶቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በዚያ ፈረንሳይኛ ውስጥ «ፕሩ» ማለት ትርፍ፣ ጥቅም ማለት ነበር። «ኢም» የተባለችው ደግሞ አፍራሽ ሳትሆን «ወደ» እንደማለት ናት። ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ወደ ትርፍ ማዞር፣ ገቢ እንዲያስገኝ ማድረግ ነው። ፊደሉ ኋላ ላይ ነው «ፕሩቭ»ን እያየ የተለወጠው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ በግልጽ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ የአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ትርፍ እንዲያመጣ የሚደረገው ነገር ምን ነበር? መሬት። በዚያ ዘመን «ኢምፕሩቭ አደረግሁ» የሚል ሰው ጠባዬን አረምኩ ወይም ጤናዬን አሻሻልኩ ማለቱ አልነበረም። ጠፍ የተባለውን ወይም የወል የሆነውን መሬት አጥሬ፣ አርሼ፣ አከራይቼ ገቢ አገኘሁበት ማለቱ ነበር። በእንግሊዝ መንደሮች ባላገሩ ላሙን የሚያግድበት፣ ማገዶ የሚለቅምበት የወል መሬት ነበረው። ግጦሽና ማገዶ ከወል መሬት ያገኘ የሀገራችን ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ይህ መሬት ቀስ በቀስ በግል እጅ ገባ። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣቸው የአጥር ሕጎች ከ5,200 በላይ ናቸው። የታጠረው መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤክር፣ ማለትም ወደ 2.75 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች መጠሪያቸው «ኢምፕሩቨር» ነበር፤ አሻሻይ እንደማለት። እውነትም አንዳንዱ ማሳ ከቀድሞው የበለጠ እህል ሰጥቷል፣ ውሃ የተኛበትም መሬት ተጠንፍፏል። ላሟን የምታግድበት ያጣችው ባልቴት ግን ይህን ቃል በምን ስሜት እንደምትሰማው መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ይመጣል፤ ሰዘርላንድ ከተባለው አውራጃ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውራጃው ሰፊ ርስት በሰዘርላንዷ ካውንቴስና በባለቤቷ በስታፎርዱ ማርኩዊስ እጅ ነበር። በሸለቆዎቹ ውስጥ ጌይሊክ የሚናገሩ፣ ከብት የሚያረቡና ጥቂት የሚያርሱ ቤተሰቦች ለትውልዶች ኖረዋል። የርስቱ አስተዳዳሪዎች አሰቡና ለዚህ ምድር የሚያዋጣው ቼቪዮት የተባለው የበግ ዝርያ ነው ብለው ወሰኑ። ሰዉ ወደ ባሕሩ ዳር ይውረድ፣ ዓሣ ማስገር ይልመድ፣ ሸለቆው ለበግ ይለቀቅ ተባለ። ስትራትኔቨር በተባለው ሸለቆ በ1814 እና በ1819 ነዋሪው ከቤቱ ተባረረ። ተመልሶ እንዳይገባ ጎጆዎች ፈረሱ፣ ተቃጠሉም።

ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ፓትሪክ ሴላር ይባላል። ቤት በማቃጠልና ሰው ለሞት በማድረስ ተከሶ በ1816 ኢንቨርነስ ከተማ ችሎት ቀረበ፤ በነጻም ተለቀቀ። አሁን ልብ በሉ፦ ሰዉ ለቅቆ ከወጣበት መሬት ላይ ሰፊ የበግ እርሻ በኪራይ የያዘው ይኸው ሴላር ነበር። አፈናቃዩም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ሆነ። በ1820 ደግሞ የርስቱ ዋና ኃላፊ ጀምስ ሎክ ስለ ሥራው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ በስታፎርዱ ማርኩዊስ ርስቶች ላይ ስለተደረጉ «ኢምፕሩቭመንትስ» የሚተርክ መሆኑን ይናገራል። ዛሬ ታሪክ «የደጋው ምንጠራ» ብሎ የሚያስታውሰውን ነገር ሎክ ማሻሻያ ብሎ ጻፈው። ዋሽቷል ብዬ አላስብም። ቃሉን የተጠቀመው በአባቶቹ ትርጉም ነው፤ መሬቱ ወደ ትርፍ ዞሯል፣ ትርፉ የማን እንደሆነ ደግሞ ርእሱ ራሱ ስሙን ጠርቶ ነግሮናል።

ይህን ያህል ታሪክ ውስጥ የገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ የመሬት ትርጉም አልሞተም፤ ዛሬም በሕግና በግብር ወረቀት ላይ ሕያው ነው። አሜሪካ ቤት ያላችሁ ሰዎች በየጊዜው የሚመጣላችሁን የንብረት ግምት ማስታወቂያ አውጥታችሁ እዩት። ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር አለው። አንዱ «ላንድ» ይላል፣ ሁለተኛው «ኢምፕሩቭመንትስ» ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሲያይ «እኔ ምንም አላሳደስኩም፣ ምን ማሻሻያ ነው የሚሉኝ?» ብሎ ይደነግጣል። እዚያ ላይ ያለው ኢምፕሩቭመንት ማለት ቤቱ ራሱ ነው። ባዶ መሬት ላይ የተሠራ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ጣሪያው የሚያፈስ፣ በሩ አልዘጋ ያለ ቤት እንኳ በወረቀቱ ላይ ኢምፕሩቭመንት ነው።

በእኛም ሕገ መንግሥት ውስጥ ይህ ትርጉም አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1987ቱ በምንለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ ሰባተኛው ንዑስ አንቀጽ አንድ ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ይህን «ፐርማነንት ኢምፕሩቭመንትስ» ይለዋል። ገበሬው የሠራው እርከን፣ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የተከለው ባሕር ዛፍ ወይም ቡና እዚህ ውስጥ ይገባል። ሰዘርላንድ ላይ ማሻሻያው የባለርስቱ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የደከመበት ሰው ነው። ከመሬቱ ተነሥቶ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ይህችን ንዑስ አንቀጽ ቢያውቃት አይጎዳም።

ቃሉ ከመሬት ወደ ሰው አእምሮ የተሻገረበት ዘመንም አለ። በ1660 ለንደን ላይ የተቋቋመው የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ ሙሉ ስሙ የተፈጥሮን እውቀት ለማሻሻል የሚል ሐረግ አለበት፤ በዚያ ሐረግ ውስጥ ይህንኑ ቃል ታገኙታላችሁ። በ1741 ደግሞ አይዛክ ዋትስ የተባለው ሰባኪ አእምሮን ስለማሻሻል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በለማጅነት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ አንድ የድሃ ልጅ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ምክሩን ተከተለ። ልጁ ማይክል ፋራዴይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከማግኔት እንዴት እንደሚመነጭ ያሳየን ሊቅ። እስካሁን ከሰማናቸው ማሻሻያዎች ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው፤ አንድ ሰው ራሱን ሲያሻሽል ከማንም የሚነጥቀው ማሳ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሰዋስዉ እንግባ። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ አድራጊም ተደራጊም ይሆናል። እኛ «አሻሻልኩ» እና «ተሻሻለ» ብለን በ«አ» እና በ«ተ» እንለያለን። እንግሊዞች ግን ቃሉን ሳይነኩት በሁለቱም በኩል ያገለግላቸዋል። «አይ ኢምፕሩቭድ ማይ ኢንግሊሽ» ማለት እንግሊዝኛዬን አሻሻልኩ ነው፤ «ማይ ኢንግሊሽ ኢምፕሩቭድ» ማለት ደግሞ እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ። እኛ ያችን «ተ» ፍለጋ «ኢዝ» እንሰካና «ማይ ኢንግሊሽ ኢዝ ኢምፕሩቭድ» እንላለን። ሰሚው ይረዳችኋል፣ ግን አልለመደውም። «ማይ ኢንግሊሽ ሃዝ ኢምፕሩቭድ» በሉ። «ሞር ቤተር» ማለትም ይቅር፤ «ቤተር» ውስጥ «ይበልጥ» አስቀድሞ አለበት።

ቀጥሎ ሦስት ትናንሽ ቃላት አሉ፤ «ኢን»፣ «ቱ» እና «ኦን»። ትርጉሙ የሚዞረው በእነሱ ነው። ነገሩ በራሱ ውስጥ ሲለወጥ «ኢን» ነው፦ «አን ኢምፕሩቭመንት ኢን ሂዝ ሄልዝ»፣ በጤናው ላይ የታየ መሻሻል። በነገሩ ላይ የጨመራችሁት ሥራ ሲኖር «ቱ» ነው፦ «ኢምፕሩቭመንትስ ቱ ዘ ኪችን»፣ ኩሽናው ላይ የተሠሩ ማሻሻያዎች። ከቀደመው የሚበልጥ ሲመጣ ደግሞ «ኦን» ነው። ይህቺን ሦስተኛዋን ለማስያዝ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ኃይሌ በ2007 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በዓመቱ፣ በ2008፣ እዚያው በርሊን ተመልሶ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለዚህ እንግሊዝኛው «ሂ ኢምፕሩቭድ ኦን ሂዝ ኦውን ሪከርድ» ነው፤ የራሱን ክብረ ወሰን በ27 ሰከንድ አሻሻለ። «ኦን» ያለችው ከኋላዋ የሚበለጥ ነገር ስላለ ነው።

አሁን ደግሞ የአማርኛውን «ማሻሻያ» ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ የምንሰናከልበትን እንይ። በእኛ ዘንድ አንዱ ቃል ብዙ ቤት ያገለግላል። የደመወዝ ማሻሻያ ስትሉ እንግሊዝኛው «ሬይዝ» ወይም «ኢንክሪመንት» ነው። «ሳላሪ ኢምፕሩቭመንት» ብሎ ማመልከቻ የጻፈ ሰው አለቃው ገብቶት ፈገግ ይል ይሆናል እንጂ ቃሉ ያ አይደለም። የኢኮኖሚ ማሻሻያ «ሪፎርም» ይባላል። የነዳጅ ዋጋ ማሻሻያን በእንግሊዝኛ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሐቀኛ ከሆነ «ኢንክሪስ» ይለዋል፤ ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ «አጀስትመንት»። ስህተትህን አሻሽል ለማለት «ኢምፕሩቭ ዩር ሚስቴክ» አይባልም፤ ስህተቱ ይበልጥ የጎላ ስህተት እንዲሆን መጠየቅ ይመስላል። «ኮሬክት» በሉ። ችግርም እንዲሁ ነው፤ ችግር ይፈታል እንጂ አይሻሻልም፤ የሚሻሻለው ሁኔታው ነው።

የሕግ ማሻሻያ ደግሞ «አሜንድመንት» ነው። ይህን ለብቻው ያነሣሁት ማሻሻያ ሁሉ መሻሻል እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ 27 ማሻሻያዎች ተደርገውበታል። 18ኛው፣ በ1919 የጸደቀው፣ የሚያሰክር መጠጥ ማምረትንና መሸጥን የከለከለ ነው። ክልከላው የድብቅ ጠማቂዎችንና የወንበዴዎችን ዘመን አመጣ። በ1933 የጸደቀው 21ኛው ማሻሻያ ዋና ሥራው 18ኛውን መሻር ነበር። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በዝርዝሩ ውስጥ ተቆጥረው ይኖራሉ፤ አማርኛችን ደግሞ ሁለቱንም ማሻሻያ ይላቸዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ለምታስተረጉሙ፣ በሞያም ሆነ ለዘመድ ስትሉ፣ ይህን ክፍል በጥሞና ስሙኝ። እናታቸው የታመሙባቸው ልጆች አልጋው ዙሪያ ቆመዋል እንበል። ሐኪሟ ገበታውን አየት አድርጋ «ሺ ኢዝ ኢምፕሩቪንግ» አለች። አስተርጓሚው «እሰይ፣ ድነዋል» ቢል ቤተሰቡ ልብስ መሰብሰብ ይጀምራል፣ ወደ ሀገር ቤት ይደወላል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይባላል። ሐኪሟ ግን ያለችው ከትናንቱ ዛሬ ይሻላል ብቻ ነው። ገና ብዙ ይቀራል ማለቷም ሊሆን ይችላል። ለመዳን እንግሊዝኛው «ሪከቨርድ» ወይም «ኪዩርድ» ነው። እንደ እኔ አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ የተሳለ ነው፤ «ሻል ብሏቸዋል»፣ «ተሽሏቸዋል»፣ «ድነዋል» እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ለ«ኢምፕሩቪንግ» የሚስማማው የመጀመሪያው ነው። «ሻል እያላቸው ነው» በሉ፣ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። በተቃራኒው ታማሚው «ትንሽ ሻል ብሎኛል» ካለ «ሂ ኢዝ ፋይን» ብላችሁ አትተርጉሙበት፤ ሰውዬው ገና አልዳነም።

በእርሻ በኩል «ኢምፕሩቭድ ሲድ» የሚለውን «ምርጥ ዘር» ብለነዋል። እንግሊዝኛው የተሠራበትን ድካም ሲያጎላ የእኛው ተለይቶ መመረጡን ያጎላል። ድካሙ ምን እንደሚመስል በቁንጮ ጤፍ ይታያል። ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ነበሩት። ዱከም የተባለው ምርቱ ጥሩ ነበር፣ ቀለሙ ግን ገበያው የሚፈልገውን ያህል ነጭ አልነበረም። ማኛ የሚባለው በንጣቱ የተወደደ ሲሆን ምርቱ ያንሳል። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ማዳቀሉ በማለዳ፣ በማጉያ መነጽር፣ በመቆንጠጫ የሚሠራ ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ነው። የሁለቱ ልጅ ቁንጮ በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ፤ ምርቱን ከአንዱ፣ ንጣቱን ከሌላው ወርሶ። እዚህም ለማን ብሎ የሚጠይቅ መልስ ያገኛል፤ ምርቱ ለገበሬው ጎተራ፣ ንጣቱ ለከተማው ገዢ ዓይን። ቀይ ጤፍ የሚወድ ሰው ግን ነጩን መሻሻል ላይለው ይችላል፤ እኔም ከእነዚያ ወገን ነኝ።

በዜና የምትሰሙት ሌላም አለ፤ «ኢምፕሩቭድ ዋተር ሶርስ»፣ የተሻሻለ የውሃ ምንጭ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ይህን ስም የሚሰጡት ለአሠራሩ ነው፤ ከውጭ ብክለት ሊጠብቅ በሚችል መንገድ የተገነባ ቧንቧ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ የታነጸ ምንጭና የመሳሰለው ሁሉ የተሻሻለ ይባላል። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ግን አይደለም። ለዚያ ሌላ፣ ከፍ ያለ ደረጃ አላቸው። ስለዚህ ይህን ያህል ሕዝብ የተሻሻለ ውሃ አገኘ ሲባል ያህሉ ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ጠጣ ብላችሁ እንዳትተረጉሙ።

የመጨረሻው በውጭ ሀገር ለምትሠሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ግምገማ ላይ «ኒድስ ኢምፕሩቭመንት» የሚል ውጤት ቢሰጣችሁ አቀራረቡ ጨዋ ነው፣ መልእክቱ ግን አልረካንም ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ፐርፎርማንስ ኢምፕሩቭመንት ፕላን» የሚል ወረቀት ሊመጣ ይችላል፤ ባጭሩ ፒ አይ ፒ ይሉታል። ስሙ የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ እቅድ ነው፤ ስልጠና ይመስላል። ብዙ የሀገራችን ሰው «ሊያስተምሩኝ ነው» ብሎ ደስ ብሎት ፈርሟል። አብዛኛውን ጊዜ 30፣ 60 ወይም 90 ቀን ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ የተባለው ካልተሟላ ስንብት ሊከተል ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በእውነት ሠራተኛውን ለማትረፍ ይጠቀምበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ውሳኔውን ጨርሶ ፋይል ለማሟላት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ ይታያል። «ኮሙኒኬሽንህን አሻሽል» የሚል ድፍን ያለ ቃል ካለበት፣ ምን ስሠራ ነው ተሻሻለ የምትሉት፣ በምን ትለኩታላችሁ፣ ማን ይለካዋል ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቅጂውን ቤት አስቀምጡ።

ለባለ ሬስቶራንቶችና ለባለ ካፌዎችም አንድ ቃል ልጨምር። የኪራይ ውላችሁ ላይ «ሊዝሆልድ ኢምፕሩቭመንትስ» የሚል ክፍል አለ። ባዶ የተረከባችሁት ቤት ውስጥ በገንዘባችሁ የሠራችሁት ግድግዳ፣ ወለል፣ የኩሽና ጭስ ማውጫ፣ መታጠቢያ ቤት ማለት ነው። በብዙ ውሎች ላይ ከሕንፃው ጋር የተጣበቀው ሁሉ ኪራዩ ሲያልቅ ለባለ ሕንፃው ይቀራል። አንዳንዱ ውል ይባስ ብሎ አፍርሳችሁ እንደነበረ መልሱ ይላል። ይህች ዐረፍተ ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ነው የምትከራከሩባት፤ ከፈረማችሁ በኋላ ጠበቃም ብዙ አይረዳችሁም።

የቤት ሥራ። እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ ከሦስቱ «ኢምፕሩቭ» የሚገባው በአንዱ ብቻ ነው፦ «ደመወዜ ተሻሻለ።» «የልጄ የሒሳብ ውጤት ተሻሻለ።» «አዋጁ ተሻሻለ።» መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናርማለን። እስከዚያው ግን የኪራይ ውል መሳቢያችሁ ውስጥ ካለ አውጡትና ያችን ክፍል ፈልጋችሁ አንብቧት።